ከመቃብር የወጣና ከባሕር የወጣ፤ ስለ ጎርዮ ዘመን የሙሌት ሸክላ የቀረበ ሂስ

የኮርያ ስም በአገራችን ይበልጥ የታወቀው ከ1951 ጀምሮ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በዚያ በመሰለፋቸው ነው። ስለዚያ ጦርነት ብዙ የሰማ ሰው ስለ ሕዝቡ የእጅ ጥበብ የሰማው ጥቂት ቢሆን አያስደንቅም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ግን የኮርያን የሸክላ ሥራ ታሪክ ከጥንት እስከ ዛሬ መተረክ አይደለም፤ አንድ ጥያቄ ለመመርመር ብቻ ነው። ይኸውም፣ ሠሪው፣ ባለቤቱና አገልግሎቱ ተረስቶ ዕቃው ብቻ በእጃችን ሲገባ፣ ስለ ውበቱ የምንሰጠው ፍርድ ከዕቃው የተነሣ ነውን ወይስ ከእኛው የተነሣ? የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ በጎርዮ ዘመን ከተሠራው የሙሌት ሸክላ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም ብል ማጋነን አይሆንም። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጎርዮ መንግሥት በ918 በዋንግ ጎን ተመሥርቶ እስከ 1392 ድረስ ኖረ፤ መናገሻ ከተማውም ጌግዮንግ፣ የዛሬው ኬሶንግ ነበረ። በአውሮፓ ቋንቋዎች ሴላዶን፣ በኮርያ ቋንቋ ቾንግጃ የሚባለው ሸክላ በዚህ መንግሥት ዘመን ከሁሉ የላቀ ደረጃ ላይ ደረሰ። ሴላዶን ገላው ግራጫ የሆነ ጠንካራ ሸክላ ነው፤ ላዩ ጥቂት ብረት በተቀላቀለበትና እንደ ብርጭቆ በሚያበራ ልባጥ ይሸፈናል። አየር ባነሰበትና ጢስ በበዛበት እቶን ውስጥ ሲጋገር በልባጡ ውስጥ ያለው ብረት አረንጓዴና ሰማያዊ የተዋሐዱበት ቀለም ይሰጣል። ኮርያውያን ይህን ጥበብ የተማሩት በደቡብ ቻይና ከሚገኙት የዩዌ እቶኖች ነው፤ ዳሩ ግን ተማሪው ከመምህሩ ያልወሰደውን አንድ ነገር ጨመረ። እርሱም ሳንግጋም የሚባለው የሙሌት ሥራ ነው።

የሙሌት ሥራ እንዲህ ነው። ሸክላ ሠሪው ዕቃውን በመንኮራኩር ላይ ከቀረጸ በኋላ ጭቃው ጠፍር እስኪመስል ድረስ እንዲጠነክር ይተወዋል፤ ከዚያም የፈለገውን ሥዕል በስለት ይቆፍራል። የተቆፈረውን ነጭ አፈር ወይም ብረት በበዛበት ቀይ አፈር ይሞላና የተረፈውን ጠርጎ ገጹን ያስተካክላል። ዕቃው አንድ ጊዜ በመጠነኛ እሳት ከተጋገረ በኋላ ልባጡን ለብሶ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚበልጥ ሙቀት ዳግመኛ ይጋገራል። ነጩ አፈር ነጭ እንደ ሆነ ይቀራል፤ ቀዩ ግን ጥቁር ይሆናል። ነገሩ በቃል ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሦስቱ አፈሮች በእሳት ውስጥ እኩል ካልተኮማተሩ ግን ሙሌቱ ከገላው ይላቀቃል ወይም ዕቃው ይሰነጠቃል። ደግሞም ልባጡ ጥቅጥቅ ያለ እንደ ሆነ ከሥሩ ያለው ሥዕል አይታይም። ስለዚህ የሙሌት ሥራ እንደ ወርቅ ቅብ ባለቀ ዕቃ ላይ የሚጨመር ጌጥ አይደለም፤ አፈሩንም፣ ልባጡንም፣ እሳቱንም ሥዕሉ በሚፈልገው መጠን ማስማማት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ከዚህ አሠራር የሚነሣ አንድ የሂስ መለኪያ አለ። ሥዕሉ ያለው ከልባጡ ሥር ነው፤ እጅ ሲዳስሰው አይሰማውም፤ ዓይን ግን በውሃ ውስጥ እንደሚታይ ነገር ያየዋል። እንግዲህ ያልተሣለበት ቦታ ባዶ አይደለም፤ እርሱ ራሱ ሰማይ ወይም ኩሬ ሆኖ ያገለግላል። ጥሩ የሙሌት ሠሪ የሚታወቀው በቆፈረው ብቻ ሳይሆን ሳይቆፍር በተወውም ነው። ሥዕሉ ሲበዛ ውሃው ይጠፋል፤ ሥዕሉ ከመጠን በላይ ሲያንስ ደግሞ የሙሌቱ ድካም ከንቱ ይሆናል። ይህን መለኪያ ከዕቃው ያገኘነው ስለ ሆነ፣ ከውጭ የመጡትን አስተያየቶች ለመመዘን ይረዳናል።

ከእነዚህ አስተያየቶች የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠርን የሚመለከት ነው። በ1123 ሹ ጂንግ የተባለ የሶንግ መንግሥት መልእክተኛ ወደ ጌግዮንግ መጥቶ ያየውን ሁሉ ጻፈ። የአገሩ ሰዎች የሸክላቸውን ቀለም ቢሴክ፣ ማለት ዓሣ አጥማጅ በሆነች ሰማያዊ ላባ ባላት ወፍ ስም እንደሚጠሩት ገለጸ፤ በአንበሳ አምሳል የተሠራውንም የዕጣን ማጨሻ አመሰገነ። ስለ ሙሌት ሥራ ግን አንድ ቃል አልተናገረም። በ1146 የሞተው የንጉሥ ኢንጆንግ መቃብር ዕቃዎች ናቸው የሚባሉትም ሙሌት የሌላቸው ናቸው። በአንጻሩ በ1159 የሞተው የሙን ጎንግዩ ነው ከሚባለው መቃብር አፉ 17 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ፣ በሙሌት ያጌጠ ጎድጓዳ ሳሕን ተገኘ። ከዚህ በመነሣት ብዙ ሊቃውንት የሙሌት ሥራ በ12ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ላይ በድንገት ተወለደ ብለው ደመደሙ።

ይህ መደምደሚያ ሁለት ድካሞች አሉበት። አንደኛ፣ ሹ ጂንግ መጽሐፉን ያዘጋጀው ከሥዕል ጋር ነበረ፤ ሥዕሎቹ ግን ጠፍተው ወደ እኛ የደረሰው ጽሑፉ ብቻ ነው። ግማሹ የጠፋ መጽሐፍ ዝም ማለቱ ምስክርነት ሊሆን አይችልም፤ በከተማው የቆየውም አንድ ወር ያህል ብቻ ነበረ። ሁለተኛ፣ የሙን ጎንግዩ ሳሕን የጀማሪ ሥራ አይደለም። በውስጡ የሚታየው ሐረግ የተሠራው በተገላቢጦሽ ሙሌት ነው፤ ይኸውም ሐረጉ በልባጡ ቀለም ቀርቶ ዙሪያው በነጭ አፈር ተሞልቷል። ይህ ከተራው ሙሌት የከበደ ሥራ ነው። ተራውን ሳይለምድ በተገላቢጦሹ የሚጀምር የለም። ከዚህም በላይ የኢንጆንግም ሆነ የሙን ጎንግዩ ዕቃዎች ሥርዓት ባለው ቁፋሮ የተገኙ ሳይሆኑ ከሰው እጅ ተገዝተው ወይም ተሰብስበው የመጡ መሆናቸው አይዘነጋ። ስለዚህ ሁለቱ ዓመታት እንደ ምልክት እንጂ እንደ ወሰን ድንጋይ ሊቆጠሩ አይገባም።

የዕቃዎቹ አመጣጥ ጉዳይ ከዘመን አቆጣጠርም የሚያልፍ ነው። እስከ 20ኛው ምእተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የጎርዮ ሴላዶን በኮርያ ምድር ላይ በገሃድ አይታይም ነበር ማለት ይቻላል፤ ተከታዩ የጆሶን መንግሥት ሌላ ዓይነት ሸክላ ወዳድ ስለ ነበረ አሮጌው ከሙታን ጋር ከአፈር በታች ቀርቶ ነበር። የጃፓን ሥልጣን በኮርያ ሲበረታ የመቃብር ዘራፊዎች በኬሶንግ ዙሪያ ያሉትን መቃብሮች ቆፍረው ዕቃውን ለነጋዴዎች ሸጡ። ከ1906 እስከ 1909 የጃፓን እንደራሴ የነበረው ኢቶ ሂሮቡሚ ራሱ ከትልልቆቹ ሰብሳቢዎች አንዱ ነበረ፤ እርሱ ለጃፓን ንጉሠ ነገሥት ካበረከታቸው መካከል ብዙዎቹ በ1965 በተደረገው ስምምነት ለኮርያ ተመልሰዋል። ዘራፊ ደግሞ ዕቃውን እንጂ የተቀመጠበትን ሥፍራና በአጠገቡ የነበረውን አይመዘግብም። በዚህ ምክንያት ዛሬ በዓለም ቤተ መዘክሮች ያሉት አብዛኞቹ የሙሌት ዕቃዎች ስም የሌላቸው ሆነው ቀሩ። የማን ነበሩ? ምን ይያዝባቸው ነበር? የሚል ጠያቂ መልስ የሚያገኝበት መንገድ አልነበረም።

በዚህ ባዶ ሥፍራ ላይ ነው ሁለተኛው አስተያየት የተተከለው። ባለቤቱ ጃፓናዊው የሥነ ጥበብ ፈላስፋ ያናጊ ሶዬትሱ ነው። ያናጊ በ1922 ባሳተመው ጽሑፉ የቻይና ጥበብ በቅርጽ፣ የጃፓን በቀለም፣ የኮርያ ግን በመስመር እንደሚገለጽ አስተማረ፤ ረጅሙና ተለማማጩ መስመር ብዙ ወረራ የደረሰበት ሕዝብ የኀዘን ድምፅ ነው አለ። ይህ ሰው በክፉ ዓይን የሚታይ አይደለም። በ1919 የኮርያ ሕዝብ ለነጻነቱ በተነሣ ጊዜ የአገሩን መንግሥት ጭካኔ በጽሑፍ ተቃውሟል፤ የሶልን ታላቅ የቤተ መንግሥት በር ከመፍረስ ለማዳን ብዕሩን አንሥቷል፤ በ1924ም በዚያችው ከተማ ለኮርያ ሕዝብ ጥበብ ቤተ መዘክር አቋቁሟል። የኀዘን ውበት የተባለው ትምህርት ከፍቅር የመነጨ እንደ ነበረ አይካድም። ነገር ግን ፍቅር የሂስን ሥራ አይተካም። ትምህርቱ ከሰፋ በኋላ በሙሌት ሸክላ ላይ ሲጫን፣ ብቻዋን የምትበረው ሽመላ ናፍቆት፣ ቅርንጫፉን የዘረጋው አኻያ ልቅሶ፣ ቀጭኑ የማድጋ አንገት ደግሞ ተስፋ መቁረጥ ሆኖ ተነበበ።

ይህን ንባብ በመጀመሪያ የሚቃወመው ራሱ ሥዕሉ ነው። አኻያና የውሃ ወፎች በሸክላ ላይ ከመታየታቸው ጋር በነሐስ ዕቃም ላይ ይታያሉ። በኮርያ ብሔራዊ ቤተ መዘክር የሚገኘው የ12ኛው ምእተ ዓመት የነሐስ ኩንዲካ፣ ማለት በቡድሃ ሃይማኖት የተቀደሰ ውሃ የሚያዝበት ጡት ያለው ማንቆርቆሪያ፣ በብር ክር ሙሌት ይህንኑ ሥዕል ይዟል፤ ከሸክላ የተሠሩ ተመሳሳይ ኩንዲካዎችም አሉ። የሙሌት ሥራ ከብረታ ብረት ሠሪዎች ወደ ሸክላ ሠሪዎች ያለፈ ነው የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። በዚያው ዘመን በሐር ላይ በተሣሉት የቡድሃ ሥዕሎች ውስጥ ጓነዩም የተባለችው የምሕረት ቅድስት ከአኻያ ቅርንጫፍና ከኩንዲካ ጋር ትታያለች፤ አኻያው የፈውስ ምልክት ነውና። ሽመላም፣ ማለት ኮርያውያን ሀክ የሚሏት ረጅም አንገት ያላት ወፍ፣ በምሥራቅ እስያ ሁሉ የረጅም ዕድሜና የማይሞቱ ቅዱሳን ባልንጀራ ናት። ፈውስንና ረጅም ዕድሜን የሚመኝ ሰው የሚያስለው ሥዕል እንደ ልቅሶ ዜማ ሊነበብ የሚችለው ቋንቋው ለጠፋበት አንባቢ ብቻ ነው።

የሥዕል ማስረጃ ግን ተከራካሪን ሁሉ ዝም አያሰኝም፤ በሃይማኖት ምልክት ውስጥም ኀዘን ሊኖር ይችላል የሚል ይነሣልና። ክርክሩን ወደ ሌላ ደረጃ ያሸጋገረው መቃብር ሳይሆን ባሕር ነው። በደቡብ ምዕራብ ኮርያ በጋንግጂንና በቡአን የነበሩት እቶኖች ሥራቸውን ወደ መናገሻው የሚልኩት በምዕራቡ ጠረፍ በሚጓዙ መርከቦች ነበረ። በ2007 በቴአን ጠረፍ አንድ ዓሣ አጥማጅ ያወጣው ኦክቶፐስ የሴላዶን ሳሕን አቅፎ ተገኘ፤ በዚያ በተደረገው የባሕር ውስጥ ቁፋሮም ከ23,000 የሚበልጥ ሴላዶን የጫነች መርከብ ታወቀች። ከጭነቱ ጋር የወጡት የእንጨት ቁራጮች በቀለም የተጻፈ አድራሻ ነበረባቸው። ከእነርሱም አንዱ ከታምጂን፣ ማለት ከጋንግጂን፣ በመናገሻው ለሚኖር ኢንሱ ለተባለ ዝቅተኛ የጦር ሹም አንድ እስር ሸክላ መላኩን ይናገራል። የዚያች መርከብ ጭነት አብዛኛው ሙሌት የሌለው የገበታ ዕቃ ነው፤ ስለዚህ በቀጥታ ለእኛ ጉዳይ ምስክር አይሆንም። ያም ሆኖ ሴላዶን ሁሉ ለመቃብር ወይም ለንጉሥ ብቻ የተሠራ አለመሆኑን አረጋገጠ።

ወሳኙ ምስክር የመጣው በ2010 ነው። በዚያው በቴአን አካባቢ በማዶ ደሴት አጠገብ ከተቆፈረችው ሁለተኛዋ መርከብ ሁለት ሰፊ ትከሻና ጠባብ እግር ያላቸው ማድጋዎች ወጡ፤ ከእያንዳንዳቸውም ጋር የቀርከሃ ጽሑፍ ነበረ። አንደኛዋ በቅርጽ ብቻ ያጌጠች ስትሆን ጽሑፏ የሰሊጥ ዘይት እንደ ያዘች ይናገራል። ሁለተኛዋ በሙሌት የተሠራች ናት፤ በገላዋም ላይ ፒዮኒ፣ ክሪሳንተመም፣ ቀርከሃ፣ ሸምበቆና አኻያ ይታያሉ። ጽሑፏ የሚለው ማር ተሞልቶባት፣ ታሽጋ፣ ጁንግባንግ በተባለው የጦር አለቆች ሸንጎ ሹም ለነበረው ለኦ ሙንቡ ቤት መላኳን ነው። ጁንግባንግ ኀይል ያገኘው በ1170 የጦር ሰዎች ሥልጣን ከያዙ በኋላ ነው። እንግዲህ እንደ ልቅሶ የተነበበው አኻያ በአንድ ወታደር ጓዳ ውስጥ በማር ማድጋ ላይ ቆሞ ተገኘ።

የእነዚህ ማድጋዎች ስም ራሱ ትምህርት ይሰጣል። ዛሬ በቤተ መዘክሮች ሜብዮንግ ይባላሉ፤ ትርጉሙም የፕለም አበባ ጠርሙስ ማለት ነው። በዚህ ስም የተነሣ ብዙ ጸሐፊዎች አንድ የአበባ ቅርንጫፍ የሚቆምበት ዕቃ አድርገው ገምተዋቸው ነበር። የቀርከሃው ጽሑፍ ግን ጁን፣ ማለት የመጠጥና የፈሳሽ ማድጋ፣ ይላቸዋል። ይህን ካወቅን በኋላ ቅርጹን እንደገና መመልከት ይገባናል። አፉ የጠበበው ለክዳንና ለማሸጊያ እንዲመች ነው፤ ትከሻው የሰፋው ብዙ እንዲይዝ ነው፤ ሠሪው ይህን ግዴታ ተቀብሎ ከትከሻው ወደ እግሩ የሚወርደውን መስመር አንድም ሳይሰበር አሳለፈው። መስመሩ ውብ ነው፤ ያናጊ መስመሩን ማድነቁ ትክክል ነበረ። ስሕተቱ ከመስመሩ በስተጀርባ ያለውን ሥራ ትቶ ስሜት መፈለጉ ነው።

በዚህ መለኪያ እጅግ ስመ ጥር የሆነውን ዕቃ እንኳ በነጻነት መመዘን ይቻላል። በሶል በካንሶንግ ቤተ መዘክር የሚገኘው፣ ጆን ህዮንግፒል በ1935 ከጃፓናዊ ነጋዴ በ20,000 ወን የገዛው ማድጋ ‹ሺህ ሽመላ› ይባላል። ቁመቱ 42 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ሽመሎቹ ሲቆጠሩ 69 ብቻ ናቸው፤ 46ቱ በክበብ ውስጥ ሆነው ወደ ላይ ይበራሉ፣ 23ቱ ከክበቡ ውጭ ወደ ታች ይወርዳሉ። ማድጋው ሲዞር መውጣትና መውረዱ ስለሚደጋገም ዓይን ሺህ ነው ብሎ ያምናል፤ ይህ ታላቅ ብልሃት ነው። ነገር ግን በእኩል ርቀት የተደረደሩት ክበቦች ሰማዩን ወደ ጨርቅ ጥለት ሊለውጡት ተቃርበዋል። ሽመላዋ እንድትበር የሚያደርጋት ከልባጡ የተረፈው ባዶ ሥፍራ ነው፤ ክበቡ ያንን ሥፍራ ያጥርባታል። እኔ የማር ማድጋዋን እመርጣለሁ ብል ስመ ጥሩን ለማዋረድ አይደለም፤ አበባው፣ ሸምበቆውና አኻያው በየራሳቸው ክፍል ቆመው ውሃውን ውሃ አድርገው ስለ ተዉት ነው።

የኋለኛው ዘመን ይህን ፍርድ ያጠነክራል። የሞንጎል ወረራ በ1231 ከጀመረና ቤተ መንግሥቱ በ1232 ወደ ጋንግህዋ ደሴት ከሸሸ በኋላም የሙሌት ሥራ አልተቋረጠም። ከ13ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ግን ሠሪዎቹ ሥዕሉን በስለት በመቆፈር ፈንታ በማኅተም እየመቱ ይሞሉት ጀመር፤ ያው አንድ አበባ ሳይለዋወጥ መላውን ገላ ሸፈነ። ልባጡም ጠየመ። በ14ኛው ምእተ ዓመት የባሕር ወንበዴዎች ጠረፉን ስለ ደበደቡት ሸክላ ሠሪዎች ወደ መሀል አገር ተበተኑ፤ ከእነርሱም እጅ በጆሶን ዘመን ቡንቾንግ የተባለው አዲስ ሸክላ ወጣ። ታሪክን በኀዘን የሚያነብ ሰው የኮርያ መከራ በዛ፣ ስለዚህ ጥበቡ ጠለቀ ሊል ይወዳል። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ መከራው በበዛ ጊዜ የሙሌት ሥራ ተሰላቸ፤ የላቀው መረጋጋትና ደንበኛ በነበረው ጊዜ ነው።

ሁለት መርከቦች የሁሉን ዕቃ ታሪክ አይናገሩም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ተገቢም ነው። በመቃብር የተቀበሩ ዕቃዎች ለመቃብርነታቸው የተለየ ትርጉም ኖሯቸው ይሆናል፤ የማር ማድጋም ከባለቤቱ ጋር ሊቀበር ይችላል። እኔ የማቀርበው ሐሳብ ኀዘን ተሽሮ ደስታ ይንገሥ የሚል አይደለም፤ የሕዝብ ባሕርይ ከሸክላ ገላ ላይ እንዳይነበብ ነው። ይልቁንም ገና ያልተነበበ አንድ ነገር አለ። የቀርከሃው ጽሑፍ የተቀባዩን ማዕርግና የማሩን ዓይነት ሲናገር ሸክላ ሠሪውን አይጠቅስም። በጎርዮ ሕግ የእቶን መንደሮች ‹ሶ› በሚባሉ፣ ነዋሪዎቻቸው ከተራው ገበሬ ዝቅ ብለው በሚቆጠሩ የግዳጅ ሥራ አውራጃዎች ውስጥ ነበሩ። ኮ ዩሶብ፣ ከ1933 ጀምሮ የኬሶንግ ቤተ መዘክር ኀላፊ የነበረው ኮርያዊ ሊቅ፣ በ1939 ስለ ሴላዶን መጽሐፍ ሲያሳትም የራሱን ሕዝብ ሥራ በራሱ ሕዝብ ዓይን መመርመር እንደሚቻል አሳይቷል። ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ተመራማሪ የቀረው ሥራ ከማድጋው ወደ ቆፋሪው እጅ መመለስ ነው።

ስለዚህ የሕዝቦችን ልማድ የሚያጠና ተማሪ ባለቤት የሌለው ዕቃ በፊቱ ሲቀርብ ሁለት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ይጠይቅ፤ በመጀመሪያ ‹ምን ይያዝበት ነበር?›፣ ቀጥሎም ‹ማን ሠራው?›። ‹ምን ይሰማኛል?› የሚለው ሦስተኛው ጥያቄ የተከለከለ አይደለም፤ ግን ተራውን ይጠብቅ። የጎርዮ ሙሌት ሸክላ ሦስቱንም ጥያቄዎች ይሸከማል፤ እስከ 2010 ድረስ ግን ብዙ ጊዜ የተጠየቀው ሦስተኛው ብቻ ነበረ።